ነጋሪቱን የሚጎስመው ማን ነው?



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ የዛሬው ጽሑፋችን ረዘም ይላል፤ ሻይ ይዛችሁ ብትቀመጡ አይከፋም። ርእሳችን ኮምፒውተር ከፍተን ስንሠራ ከስክሪኑ ጥግ ብቅ እያለች «ቲንግ» የምትለዋ ትንሽ ሳጥን ናት። ብዙዎቻችን ኖቲፊኬሽን እንላታለን፤ ማሳወቂያ የሚሏትም አሉ። የቴክኖሎጂ ሰዎች ጉዳይ ብቻ ትመስላለች። እኛ ግን እንደ ታሪክ ልናያት ወደድን፤ ምክንያቱም ሰው ሌላውን ሰው ከያዘው ሥራ አስነስቶ «ስማኝ» የሚልበት መንገድ የራሱ ታሪክ አለው። ማን መጥራት ይችላል? መቼ ይጠራል? በምን ድምፅ? እነዚህ ጥያቄዎች ኮምፒውተር ሳይታሰብ በፊት ተጠይቀዋል፤ ከእኛ በፊት የነበሩትም መልስ ነበራቸው።

ከምዕራብ ጎጃም እንነሳ። ፈረስ ቤት ከዋናው የአዲስ አበባ–ባሕር ዳር መንገድ ወጣ ብላ በደጋ ዳሞት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ስሟን ስንሰማ ወሬ በፈረስ ኮቴና በእግረኛ መልእክተኛ ይሄድ የነበረበት ዘመን ትዝ ይለናል። በዚያ ዘመን ለገጠሩ ሰው ዓለም የምትደርሰው በገበያ ቀን ነበር። ጨው፣ ጨርቅና ቡና ይዞ ከገበያ ገበያ የሚዞረው ነጋዴ ዕቃ ብቻ አይደለም የሚያራግፈው። የትኛው መንገድ ሰላም እንደሆነ፣ የትኛው ሹም እንደተሻረ፣ እህል የት እንደተወደደ አብሮ ያራግፋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጎጃም ውስጥ የባሶ ገበያ ስሙ የገነነ ነበር፤ ከግቤ ማዶ የሚመጣው ቡናና ወርቅ አባይን ተሻግሮ እዚያ ይደርሳል፤ በዚህ የሩቅ መንገድ ንግድ ውስጥ ሙስሊም ነጋዴዎች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ስለዚህ አያቶቻችን ዕቃ ብቻ ሳይሆን ወሬም ተሸካሚዎች ነበሩ ብንል ማጋነን አይሆንም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ወሬው የሚመጣው ተጠራቅሞ ነው። ገበሬው ማክሰኞ ዕለት ሞፈሩን ይዞ እያረሰ ስለ ጨው ዋጋ የሚነግረው ሰው የለም። የገበያው ቀን ሲደርስ ሁሉንም አንድ ላይ ይሰማል፤ ከዚያ ወደ እርሻው ይመለሳል።

ከገበያ ወሬ በላይ የሆነው ጉዳይ ደግሞ በነጋሪት ይነገራል። ነጋሪት ቆዳ የተወጠረበት ትልቅ ከበሮ ነው፤ በበቅሎ ተጭኖ ይጓዛል፣ በዱላ ይጎሰማል። ማንም ተነስቶ የሚጎስመው ዕቃ አልነበረም። ነጋሪት ማስመታት ከሹመት ጋር የሚሰጥ ክብር ነው፤ የነጋሪቱ ብዛትም የባለቤቱን ደረጃ ይናገራል። ገበያ መሐል ሲጎሰም ሻጩም ገዢውም ጸጥ ይላል። አዋጁ ይነገራል፣ የሰማ ላልሰማ እንዲያሰማ ይታዘዛል፣ ከዚያ ገበያው ይቀጥላል። በመስከረም 1888 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ የክተት አዋጅ ባስነገሩ ጊዜ ጦሩ ከየአቅጣጫው ተንቀሳቀሰ፤ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ሠራዊታቸውን ይዘው ዐድዋ ዘምተዋል። ስልክ ባልተስፋፋበት አገር ይህን ያህል ሕዝብ በአንድ ጥሪ የተነሳበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ ግን ይህ ይመስለናል፦ ነጋሪት በተራ ነገር አይጎሰምም ነበር። በየቀኑ ስለ ቅቤ ዋጋ ሲጎሰም የኖረ ነጋሪት ቢሆን ኖሮ የክተቱ ዕለት ማን ቀና ይል ነበር?

ክብሩ እስከ ዛሬ በስም ቀርቷል። በ1934 ዓ.ም. የአገሪቱ ሕጎች የሚታተሙበት ጋዜጣ ሲቋቋም የተሰጠው ስም ነጋሪት ጋዜጣ ነበር፤ ዛሬም ፌደራል ነጋሪት ጋዜጣ ይባላል። ሕግ ከመሆኑ በፊት መጎሰም አለበት እንደ ማለት ነው።

በየሰፈራችን ያለው የዕድር ጡሩምባ የዚሁ ወንድም ነው። ጎህ ሳይቀድ ጡሩምባ ከተሰማ ቤተሰቡ ሁሉ ይነቃል፤ ማን እንደሞተ ለመስማት ጆሮ ይቆማል። ጡሩምባ ነፊው ለሠርግ አይነፋም፣ ለቅናሽ ዋጋ አይነፋም። ገጠር ውስጥም «ኡኡ» የሚል ጩኸት ከተራራው ማዶ ሲሰማ ሰው ዱላውን ይዞ ይሮጣል እንጂ «ምን ይሆን?» ብሎ ተቀምጦ አያስብም። የእነዚህ ድምፆች ጉልበት በብርቅነታቸው ነው። በተቃራኒው ሞንታርቦ ጭኖ ቀኑን ሙሉ በየመንገዱ የሚጮኸውን መኪና አስቡት፤ ምን እንደሚሸጥ እንኳን ልብ የሚለው ሰው ጥቂት ነው።

አሁን ከጎጃም ተነስተን ወደ መዲና እንሻገር። የጥሪን ጉዳይ ማኅበረሰብ ተሰብስቦ የመከረበት፣ አማራጮች ቀርበው የተመረጠበት ታሪክ ከሁሉም ይልቅ ቅርባችን ያለው እዚያ ነው። ሙስሊሞች ከመካ ወደ መዲና ከተሰደዱ በኋላ ለሰላት እንዴት እንደሚጠራሩ ተመካከሩ። መጀመሪያ ሰዓቱን እየገመቱ ይሰበሰቡ ነበር። አንዱ ደወል ይሁን አለ፣ ሌላው ቀንደ መለከት፣ እሳት እናንድድ የሚልም ሐሳብ ቀረበ። በመጨረሻ ዐብዱላህ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ) በሕልሙ ያየው ጥሪ ተመረጠ፤ ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ) ቃላቱን ለቢላል እንዲያስተምረው አዘዙት፤ የቢላል ድምፅ የተሻለ ነበርና። ቢላል ኢብኑ ረባህ (ረ.ዐ) ዘሩ ከሐበሻ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ በዚህ መኩራታችንም አይቀርም።

የእኛን ርእስ የሚመለከተው ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። አዛን ከሳጥኗ «ቲንግ» በሦስት ነገር ይለያል። የሚጠራው የታወቀ ሰው ነው፤ የሚጠራበት ጊዜ የታወቀ ነው፤ የሚለው ነገር ሙሉ ነው፤ ሰሚው ለምን እንደተጠራ ለማወቅ ሌላ ነገር መክፈት አያስፈልገውም። ከዚህም የሚደንቀን የረመዳን ሌሊቱ ነው። በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ሁለት ሙአዚኖች ነበሩ። ቢላል ገና ሌሊት ሳለ ይጠራል፤ ዓይነ ስውሩ ኢብኑ ኡሚ መክቱም ደግሞ ጎህ ሲቀድ ይጠራል። በቢላል ጥሪ ሰው መብላቱን እንዳያቆም፣ የኢብኑ ኡሚ መክቱምን ድምፅ ሲሰማ ግን እንዲያቆም ተነገረ። ማለትም ድምፁ ራሱ መልእክት ነበር። መኝታው ላይ ያለ ሰው ዓይኑን ሳይገልጥ የትኛው ጥሪ እንደሆነ ያውቃል። ዛሬ ላፕቶፓችን ላይ የእናታችን መልእክትና የቁማር ማስታወቂያ በአንድ ዓይነት «ቲንግ» ይመጣሉ። ስለዚህ ሁሉንም ለማየት እንገደዳለን።

ሌላም ታሪክ አለ፤ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጥለት ባለው ልብስ ሰገዱ፤ ጥለቱ ዓይናቸውን ሳበው። ሰላቱን ሲጨርሱ ልብሱን ለሰጣቸው ለአቡ ጀህም እንዲመለስ አደረጉና በምትኩ የእርሱን ጥለት የሌለውን ልብስ ጠየቁ። ዑለማዎች ምትኩን የጠየቁት ሰጪው ስጦታው ተመለሰ ብሎ እንዳያዝን ነው ብለው ያብራራሉ። እኛ ከዚህ ሁለት ነገር እናያለን። ትኩረትን የሚሰርቅ ነገር ሲገኝ ነገሩ ከፊት ይነሳል እንጂ «እታገለዋለሁ» ተብሎ አይተውም። ሲነሳ ደግሞ የሰው ልብ ሳይሰበር ነው። ይህን ሁለተኛውን ወደ በኋላ ስለ ቴሌግራም ግሩፕ ስናወራ እንፈልገዋለን።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1880ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባን ከሐረር የሚያገናኝ 477 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የስልክና የቴሌግራፍ መስመር ተዘረጋ። ስልክ አዲስ ነገር ይዞ መጣ። ነጋሪት ሲጎሰም ሹሙን ታውቀዋለህ፣ መልእክተኛ ሲመጣ ፊቱን ታየዋለህ። የስልክ ደወል ግን ማን እንደሆነ ሳይናገር ይጠራሃል፤ ለማወቅ ማንሳት አለብህ። ካነሳህ በኋላም የሰማኸው ድምፅ ነህ ያልከው ሰው መሆኑን በምን ታውቃለህ?

ይህ ጥያቄ ጎጃም ውስጥ አንድ ጊዜ በጦርነት መሐል ተፈትኗል። በ1933 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ በሱዳን በኩል ገብተው፣ በእንግሊዛዊው መኮንን በዊንጌት የሚመራው ጌዲዮን የተባለው አነስተኛ ጦርና የጎጃም አርበኞች ወደ ደብረ ማርቆስ ሲገፉ ጣሊያን በቁጥር እጅግ ይበልጣቸው ነበር። ያም ሆኖ ቡሬን በየካቲት መጨረሻ ለቀቀ፤ ወር ያህል ቆይታ ደብረ ማርቆስም ተከተለች። የዊንጌት አንዱ መሣሪያ ጠላት ቁጥራቸውን አብዝቶ እንዲያይ ማድረግ ነበር። በዚያ ዘመቻ ከሚተረኩት መሐል የስልኩ ታሪክ ይገኛል። ጣሊያን በለቀቀው አንድ ምሽግ ውስጥ ስልኩ ጮኸ፤ የሚደውለው በአባይ በኩል ያለ የጣሊያን ክፍል ነው። ከጦሩ ጋር ይጓዝ የነበረው አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ኤድመንድ ስቲቨንስ ጣሊያንኛ ስለሚችል አነሳና ብዙ ሺህ የእንግሊዝ ሠራዊት እየመጣ ነው፣ ቶሎ ልቀቁ ብሎ መከረ። ደዋዩ የገዛ ወገኑ ያነሳለት መሰለው፤ ለቀቁም ይባላል።

ይህን ታሪክ ስናነብ የሚታወሰን ዛሬ ስክሪናችን ላይ «ኮምፒውተርህ በቫይረስ ተጠቅቷል፣ አሁኑኑ ይህን ተጫን» የሚለው ሳጥን ነው። መልኩ ከዊንዶውስ የመጣ ያስመስላል፤ ላኪው ግን ከወር በፊት ኳስ ለማየት የገባንበት ድረ ገጽ ነው። ደወሉ ትክክለኛ መስመር ላይ ጮኸ ማለት ደዋዩ ታማኝ ነው ማለት አይደለም።

ስለ ደወል ስናወራ ስለ ዝምታም ማውራት ግድ ነው፤ በተለይ በእኛ አካባቢ። ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው፣ ሞባይል ስልክ በ1991። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ በሞባይል የጽሑፍ መልእክት መላላክ ሁለት ዓመት ያህል ተቋርጦ እንደነበር ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ቀስ በቀስ መመለስ የጀመረው ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። ያን ጊዜ ያሳለፈ ሰው ያውቀዋል። ባሕር ማዶ ያለ ልጅ ድምፅ አይሰማም፣ ተማሪ ማመልከቻውን አይልክም፣ ነጋዴ የዕቃውን ፎቶ አያይም። አገልግሎቱ ሲመለስ ደግሞ የተጠራቀመው መልእክት ጎርፍ ሆነ፤ ስንት የሞት ወሬ፣ ስንት የሠርግ ጥሪ፣ በመሐሉ ስንት ማስታወቂያ!

አንዳንድ ሰው «ያ ዓመት ቢያንስ አእምሯችን አርፎ ነበር» ሲል እንሰማለን። አንስማማም። ያ ዝምታ የተመረጠ ዝምታ አልነበረም። ሰው ምንም እንዳይሰማ ሌላ ሲወስንለት፣ ሁሉንም እንዲሰማ ሌላ ሲወስንለት፣ ሁለቱም ላይ ማብሪያ ማጥፊያው በእርሱ እጅ አይደለም። መጀመሪያው ከአቅማችን በላይ ነበር። ሁለተኛው ግን በእጃችን ነው፤ ለዚህም ነው ስለእርሱ የምንጽፈው።

የሚገርመው፣ ኮምፒውተር ላይ የመጣ የመጀመሪያ ዘመን ማሳወቂያ ትሑት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ ካሊፎርኒያ ውስጥ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ሲመጣ የሚናገር ትንሽ ፕሮግራም ተሠራ፤ ስሙ «ቢፍ» ነው፣ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ በሚዞር አንድ ውሻ የተሰየመ። የፕሮግራሙ አጠቃቀም ሁለት ፊደል ነበር። «ቢፍ» ብለህ የ«አዎ»ን ፊደል ከጻፍክ ይነግርሃል፤ የ«አይ»ን ፊደል ከጻፍክ ዝም ይላል። በቃ። ፈቃዱ የተጠቃሚው ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። በአሜሪካ «ደብዳቤ አለልህ» የሚለው የአሜሪካ ኦንላይን ድምፅ በሚሊዮኖች ቤት ተሰማ፤ ሰዎች ያን ጊዜ ይደሰቱበት ነበር፣ ደብዳቤ ብርቅ ነበርና። ብላክቤሪ ስልክ የሚያበራው ቀይ መብራት መጣ። እ.ኤ.አ. በ2009 አፕል ማንኛውም አፕ፣ ባይከፈትም እንኳ፣ ባለቤቱን መጥራት የሚችልበትን አገልግሎት ከፈተ። በ2015 ጉግል ክሮም ለድረ ገጾችም ይህን መብት ሰጠ። ነጋሪት የመጎሰም መብት ለሹማምንት ብቻ ከሚሰጥበት አገር ተነስተን፣ አንድ ጊዜ «ፍቀድ» ያልነው ድረ ገጽ ሁሉ ነጋሪት የሚጎስምበት ዘመን ደረስን። ብዙዎቹም የሚጎስሙት ለእኛ ብለው አይደለም። ተመልሰን በገባን ቁጥር ማስታወቂያ ይሸጣሉ።

የፋየርፎክስ ባለቤት ሞዚላ እ.ኤ.አ. በ2019 ይህን መረመረ፤ ድረ ገጾች «ማሳወቂያ ልላክልህ?» ብለው ከሚያቀርቡት ጥያቄ መቶ ውስጥ 99 ያህሉ ተቀባይነት እንደማያገኝ አየ። በ2020 መጀመሪያ ፋየርፎክስ ጥያቄው በራሱ ብቅ እንዳይል አደረገ፤ ክሮምም ዝም ያለ መልክ ሰጠው። ስለዚህ «ይህ ያስቸግረኛል» ስንል ብቻችንን አይደለንም።

ጉዳቱስ? በአሜሪካ የፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት ትኩረት የሚጠይቅ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎችን ስልክ አስጮሁ። ሰዎቹ ስልኩን አላነሱም፣ አላዩም። ሆኖም ስሕተታቸው ጨመረ። ድምፁን መስማት ብቻ ሐሳብን ይወስዳል፤ «ማን ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ውስጥ ውስጡን ይሠራል። ለ12ኛ ክፍል ፈተና በኮምፒውተር ለሚዘጋጅ ተማሪ፣ የሱቁን ሒሳብ በኤክሴል ለሚሠራ ነጋዴ፣ ቁርኣን በአፕ ለሚያፍዝ ወጣት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ተፈታኙ በአንድ ሰዓት ውስጥ ዐሥር ጊዜ ከተጠራ፣ ያጠናው አንድ ሰዓት አይደለም።

እንግዲህ ነጋሪቱን ወደ እጃችን እንመልስ። በዊንዶውስ 11 የዊንዶውስ ቁልፍንና የ«ኤን» ፊደልን አብራችሁ ስትጫኑ በስተቀኝ የማሳወቂያዎቹ መደርደሪያ ይከፈታል፤ ከላዩ ያለችውን የደወል ምልክት ስትነኩ «ዱ ኖት ዲስተርብ» ይበራል፣ ሳጥኖቹ ብቅ ማለት ያቆማሉ። አይጠፉም፤ መደርደሪያው ላይ ተጠራቅመው ይቆያሉ፤ የገበያው ቀን ሲደርስ አንድ ላይ ታዩዋቸዋላችሁ። ዊንዶውስ 10 ላይ ይኸው ነገር «ፎከስ አሲስት» ይባላል። ይህ የአንድ ሰዓት መፍትሔ ነው። ዘላቂው «ሴቲንግስ» ውስጥ ገብቶ «ሲስተም»፣ ከዚያ «ኖቲፊኬሽንስ» የሚለውን መክፈት ነው። እዚያ የመጥራት መብት የተሰጣቸው አፖች በስም ተደርድረዋል። አንድ በአንድ እያያችሁ «ይህ ከሥራዬ ሊያስነሳኝ ይገባል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከአብዛኛው ላይ መብቱን ስታነሱ የሚጎድልባችሁ ነገር እንደሌለ ታያላችሁ።

እዚያው ገጽ ላይ ዝምታው በየቀኑ በራሱ እንዲበራ ሰዓት መሙላት ይቻላል። እዚህ ላይ ግን የአገራችን ሰዓት ያሳስታል! ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ላጥና ብሎ 2 እና 6 የሚሞላ ሰው ዝምታውን የሚያገኘው ሌሊት ተኝቶ ሳለ ነው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የፈረንጁን ሰዓት ነውና 8 እና 12 ብላችሁ ሙሉ፤ ጠዋትና ከሰዓትን የሚለዩትን ፊደሎችም አረጋግጡ።

ቀጥሎ ክሮም። «ሴቲንግስ»፣ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ»፣ «ሳይት ሴቲንግስ»፣ «ኖቲፊኬሽንስ» ብላችሁ ስትገቡ «እንዲልኩ የተፈቀደላቸው» የሚል ዝርዝር አለ። ዝርዝሩን ሲያዩ የማይደነግጥ ጥቂት ነው፤ ፊልም ለማውረድ፣ ኳስ ለማየት ስንቸኩል «ፍቀድ» ያልናቸው የማናውቃቸው ስሞች እዚያ ተሰልፈዋል። የ«ቫይረስ ገባብህ» ሳጥን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከእነዚህ ነው። አስወግዷቸው፤ ከላይ ያለውንም «ድረ ገጾች ማሳወቂያ እንዳይልኩ» ወደሚለው አዙሩት። ኢንተርኔት ቤት ወይም በጋራ ኮምፒውተር የምትሠሩ ደግሞ ይህን ከሁሉ በፊት ተመልከቱ። ከእናንተ በፊት የተቀመጠው ሰው የፈቀደው ለእናንተ ይመጣል፤ አንዳንዴም ዓይን ሊያየው የማይገባ ሥዕል ይዞ። ዳታ የምትገዙም አስቡበት፤ ያልጠራችሁት እንግዳ ፓኬጃችሁን ይበላል።

የእኛ አገር ትልቁ ችግር ግን ዊንዶውስም ክሮምም አይደለም፤ ቴሌግራም ነው። የደርሱ ግሩፕ፣ የጀማዓው ግሩፕ፣ የክፍል ጓደኞች፣ የዘመድ፣ የሥራ ማስታወቂያ ቻናል፣ የፈተና ቻናል። ከግሩፕ መውጣት ነውር ይሆንብናል፤ አጎት «ለምን ወጣህ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። የአቡ ጀህም ልብስ ታሪክ እዚህ ይጠቅመናል። ሚዩት ማድረግ መውጣት አይደለም፤ ማንም አያየውም፣ ማንም አያዝንም። ኮምፒውተር ላይ በግሩፑ ስም ላይ በቀኝ የማውሱ ቁልፍ ስትጫኑ ታገኙታላችሁ፤ ለሰዓታትም ለዘለዓለምም ይሆናል። ደግሞም ለተለያየ ሰው የተለያየ ድምፅ መስጠት ይቻላል። ቢላልንና ኢብኑ ኡሚ መክቱምን አስታውሱ፤ ለወላጆች አንድ ድምፅ፣ ለሥራ ሌላ፣ ለቀረው ዝምታ። ዓይን ሳይገለጥ ማን እንደጠራ ይታወቅ።

አንድ ሥጋት ይቀራል፤ በተለይ እኛ አካባቢ የኖረ ሰው ሥጋት። «ዝም ባስደረግኩበት ሰዓት ቤት አንድ ነገር ቢሆንስ?» ይላል። ልክ ነው፤ ስንት ወር ከቤተሰቡ ድምፅ የራቀ ሰው «ዝጋው» ሲባል ቢያመነታ አይፈረድበትም። ለዚህ የዕድሩን ጡሩምባ የሚተካ ነገር በስልካችን ውስጥ አለ። ኮምፒውተሩ ዝም ሲል ስልኩም «ዱ ኖት ዲስተርብ» ላይ ይሁን፤ በዚያው ሴቲንግ ውስጥ ግን የምትመርጧቸው ሰዎች ጥሪ እንዲያልፍ ማድረግ ይቻላል። በተጨማሪ ያው ሰው ደግሞ ከደወለ እንዲጮኽ የሚፈቅድ አለ፤ በአንድሮይድ ሁለተኛው ጥሪ በ15 ደቂቃ ውስጥ ከመጣ፣ በአይፎን በ3 ደቂቃ ውስጥ ከመጣ ያልፋል። ዛሬ ማታ ወደ ቤት ደውላችሁ ለእናት፣ ለአባት፣ ለጎረቤትም ንገሯቸው፦ ተራ ነገር ከሆነ ጻፉልኝ፣ ማታ አየዋለሁ፤ ከባድ ነገር ከሆነ አንድ ጊዜ ደውላችሁ ዝም ብል ተስፋ አትቁረጡ፣ ወዲያው ደግማችሁ ደውሉ።